ይግባኝ ለባለቤቱ

ከፈጠም ወንዝ ማዶ ያለ ሰው አልጣሽን ሲያይ ነገሩን ያሳጥራል። ከአጎቷ ጋር በድንበር ተካስሳ የረታች፣ ከደብሩ አለቃ ጋር ተሟግታ የረታች፣ ባሏን ዳኘውንማ ያለ ዳኛ በየቀኑ የምትረታ ሴት ናት። ጣሊያን አገር ሙሉ ሰው እያለለት የእሷን ባል አሰረ። ዕድል ሲጠም እንዲህ ነው።

ዳኘውን የያዙት ከእርሻው ላይ ነው። ጥፋትህ ይህ ነው ያለው የለም፤ አርባ ቀን ቡሬ ምሽግ ውስጥ ከረመ። አሁን ደግሞ እስረኞቹን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጭን ካሚዮን ነገ ይመጣል ተባለ። በዚያ ካሚዮን ሄዶ የተመለሰ ሰው እስካሁን አልታየም። አልጣሽ ይህን ስትሰማ መሬት ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቡሬ ገሠገሠች።

የገበያ ቀን ነበር። የምሽጉ አዛዥ ካፒታኖ ሳጥን ላይ ቆሞ አዋጅ ያስነግራል። የሚተረጉምለት ይርሳው የሚባል የደምበጫ ሰው ነው።

«የሮማ መንግሥት ሕግ አመጣላችሁ!» ይላል ይርሳው። «ከእንግዲህ ማንም ያለ ፍርድ አይታሰርም! መንግሥትም ቢሆን ከበደለ ይከሰሳል! በፍርዱ ያልተስማማ ይግባኝ ይላል!»

ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እየተባለ ያደገ ገበያተኛ እርስ በርሱ ተያየ። ወይ አለማፈር! ሰውን ምሽግ ውስጥ አጉሮ ማንም ያለ ፍርድ አይታሰርም ይበል? አልጣሽ ግን ቃሉን ይዛ ጠበቀች። ካፒታኖው ከሳጥኑ ወርዶ ሲራመድ፣

«በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች።

ገበያው ቀጥ አለ። በሕግ አምላክ ተብሎ የሚንቀሳቀስ የጎጃም ሰው የለማ! ጨው የምትሰፍረው ሴት እንኳ እጇን አየር ላይ አቆመች። ካፒታኖውም ቆመ፤ እሱ የቆመው ግን አገር ምድሩ ሲቆም ደንግጦ ነው። አልጣሽ ተንደርድራ የነጠላዋን ጫፍ ከካፖርቱ ጋር ቋጠረችው።

ወታደሮቹ ጠመንጃ አነሱ። ይርሳው አመድ መሰለ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?»

«ምን አበድኩ! ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ እንደሚሄዱ ደምበጫ አታውቁም? አሁን መንግሥት ይከሰሳል ያልከው አንተ አይደለህ? ይኸው ከሰስኩ። ንገራቸው!»

ይርሳው እየተርበተበተ ተናገረ። ካፒታኖው ሳቀ። አዋጁ ገና ከአፉ አልደረቀም፤ ስንት ዓይን እያየው ያጥፈው? «ይሁን» አለና ዋርካው ሥር ወንበር አስመጣ።

በደጉ ዘመን የአገሩ ዳኛ የነበሩት ሽማግሌ፣ አያ ገብረሰንበት፣ በትራቸውን ተደግፈው ቀረቡ።

«ተከሳሹ ማን ናቸው?»

«ካፒታኖው» አለ ይርሳው።

«ዳኛውስ?»

«እሳቸው ናቸው።»

«ይመቻቸው! ደጅ መጥናት እንኳ የለባቸውም።»

ካፒታኖው በዳኝነቱ ተቀመጠ፤ በተከሳሽነቱ ተነሣ። አልጣሽም አብራ ትነሣለች፣ አብራ ትቀመጣለች፤ ተቆራኝታ የት ትሂድ?

«ተጠየቅ!» አለች። ሙግት ላይ አንቱታ የለም። «ባሌ ምን አጠፋ?»

«ተጠርጥሮ ነው» አለ ተከሳሹ በይርሳው አፍ።

«በምን?»

«እሱ የመንግሥት ምሥጢር ነው።»

«ማን ፈረደበት?»

«እሱን ዳኛው ያውቃል» አለ ተከሳሹ። ስለዚህ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠራረገና ፈረደ፤ ይርሳው ድምፁን ከፍ አደረገ። «መንግሥት ጥፋተኛ ነው! ሰውን ያለ ፍርድ ማሰሩ ሕግ መጣስ ነው!»

ገበያው በእልልታ ተናወጠ። አልጣሽ ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ የማይከሰሰውን ረታችው! ካፒታኖው ግን እጁን አነሣ፤ ገና አልጨረሰም።

«ስለዚህ ሕጉ እንዲሟላ» አለ ይርሳው፣ ድምፁ እየሰለለ፣ «አሁን ባልሽ ይፈረድበታል። አምስት ዓመት። ነገ በካሚዮን ይሄዳል። እንግዲህ… ረትተሻል፣ እንኳን ደስ ያለሽ።»

እልልታው ድርግም አለ። አልጣሽ ካፒታኖው ላይ አፈጠጠች። እሱን በገዛ ሕጉ ስታንቀው፣ እሱ መልሶ በዚያው ሕግ ባሏን አነቀባት! ይሄ ጭራሽ የዳኛ ሌባ ነው!

«ይግባኝ!» አለች።

«ለማን?» አለ ካፒታኖው።

ለጃንሆይ ብትል ከዚያው ዋርካ ላይ ትንጠለጠላለች። ለሮማ ንጉሥ ብትል ምላሷ ይቆረጥ! ቀና አለችና፣

«ለአገሩ ባለቤት» አለች። «እሱ ሲመጣ ይፍረደኝ።»

አያ ገብረሰንበትን ሳል ያዛቸው። ይርሳውም ቅኔው ገብቶታል። አልጣሽን አየ፣ ካፒታኖውን አየ፣ ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል ተረጎመ።

ለካፒታኖው የአገሩ ባለቤት የሮማው ንጉሥ ነውና ፊቱ በራ። እንዲህ ያለች ታማኝ ሴት! ቆቡን አስተካከለ።

«ይመጣል ብለሽ ታምኛለሽ?»

«እንዴታ! መምጣቱስ አይቀርም።»

ደስ ብሎት በገዛ እጁ ጻፈ፤ ማኅተሙንም መታበት። ይርሳው አነበበው። «ይግባኙ ተፈቅዷል። የአገሩ ባለቤት እስኪመጣ ድረስ ፍርዱ ታግዷል። እስረኛው በዋስ ይለቀቅ።»

«ዋስ ማነው?» ሳይባል ገበያው «እኔ! እኔ!» እያለ ተንጋጋ። ካፒታኖው ይህ ሁሉ ለንጉሡ ፍቅር መስሎት ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ። አልጣሽም ነጠላዋን ከካፖርቱ ፈታች።

ዳኘው ጢሙ አድጎ፣ እያነከሰ ወጣ። አልጣሽ እጁን አፈፍ አድርጋ መንገድ ጀመረች። ፈጠምን ተሻገሩ።

«ስንት ፈረዱብኝ?» አለ ዳኘው በመጨረሻ።

«አምስት ዓመት።»

«ታዲያ ምነው ለቀቁኝ?»

«የአገሩ ባለቤት እስኪመጣ ነው።»

ዳኘው መንገዱ ላይ ተገተረ። «ሲመጣ ልታሰር ነዋ!»

«አዬ ዳኘው» አለች አልጣሽ። «እሱ ሲመጣማ ከሳሽህ ከየት ይገኛል?»