የቁልፍ ሠሪው ክፍት ዋይፋይ

ቁልፍ ሠሪው ሰው ባያምን አይፈረድበትም፤ እንጀራው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው በር ሲቆልፍ፣ ቁልፍ ለጠፋበት ደግሞ ሲከፍት ስለኖረ፣ በር የሚባል ነገር እንዴት እንደሚያታልል ያውቃል። የራሱ በር ላይ ሦስት ቁልፍ አለ። የስኳር ቆርቆሮው እንኳ ጓጉንቸር ተበጅቶለታል። ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ስኳሩን ከማን እንደሚጠብቀው እሱና ፈጣሪ ይወቁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የእህቱ ልጅ መሰላልና የገመድ ጥቅል ይዛ መጣችለት። ሥራዋ ኔትወርክ መዘርጋት ነው። ራውተሩ ያለው ከፊት ባለችው ሱቁ ውስጥ ስለሆነ ዋይፋዩ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲደርስ ትንፋሹ ያልቃል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ማሠራጫ፣ አክሰስ ፖይንት የሚሉትን፣ ልትሰቅልለት ነው። ገመዱን በኮርኒሱ ጠርዝ እየቸነከረች አምጥታ፣ ነጩን ክብ ዕቃ ከወንድሙ ቤት በሚለየው ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጋ አሰረችው።

ስለዚህ ግድግዳ ትንሽ ማውራት ያስፈልጋል። ቤቱ ድሮ አንድ ነበር፤ ሁለት ወንድማማቾች የወረሱት። ታናሽየው አናጢ ነው። እሱ በር ይሠራል፣ ታላቅየው ቁልፍ ይገጥምለታል፤ ደንበኛም ሥራም አንድ ላይ ነበር። ኋላ የብረት በር ፋሽን ሆነ። አንድ ቀን ታላቅየው ደንበኛ ለማስደሰት ብሎ፣ "የእንጨት በርማ ሌባን ‘ግባ፣ ቤት ለእንግዳ’ ማለት ነው!" ብሎ ሳቀ። ታናሽየው ያን ጊዜ አዲስ በር ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። በሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ መሀል ግድግዳ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የለም። ቁልፍ ሠሪው ግን ጠዋት ጠዋት የወንድሙን የመላጊያ ድምፅ በግድግዳው በኩል ካልሰማ ቁርሱ አይወርድለትም። ይህን አንገቱን ቢቀሉት አይናገርም።

"መጀመሪያ የዕቃውን የራሱን ፓስወርድ እንቀይር፤" አለች ልጅቷ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘርግታ። "ከፋብሪካ ሲወጣ የሁሉም አንድ ዓይነት ነው።"

"የሁሉም?"

"የሁሉም፣ ጋሼ። አብዛኛው ሰው ሳይቀይረው ነው የሚኖር።"

"አንድ ቁልፍ ለሺህ ቤት!" ቁልፍ ሠሪው ደሙ ፈላ። "እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ብሠራ ኖሮ ዛሬ የት ነበርኩ?"

"እስር ቤት።"

"እኮ!"

ቀየረችው። ሶፍትዌሩንም አደሰችው። ከዚያ ያለ ፓስወርድ በአንድ ንክኪ ብቻ ሰው የሚያስገባ አሠራር እንዳለውና እሱም ቢዘጋ እንደሚሻል ነገረችው።

"ዝጊው!"

"ዘጋሁት።"

"ድገሚና ዝጊው።"

የዋይፋዩን ፓስወርድ ራሱ መረጠው። የመረጠው ነገር ርዝመቱ ሳይተነፍሱ የሚጨርሱት አልነበረምና ልጅቷ፣ "ጋሼ፣ ሌባውስ ይቅር፤ አንተ ራስህ ትገባበታለህ?" አለችው። እሱ ግን በደስታ እጁን ያፋትግ ነበር። ከሰው ጋር ባይግባባም ከዚህ ዕቃ ጋር መግባባት ጀምሯል።

"በል ለዋይፋዩ ስም አውጣለት።"

ጎረቤቱ ምን ምን ብሎ እንደሰየመ ለማየት መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ከፈተ። የፀጉር አስተካካዩ በሱቁ ስም ነው። አንዱ "አትንኩኝ" ብሏል። ከሁሉም በላይ ግን፣ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ፣ "ቤቱ ይሸጣል" የሚል ነበር።

"ይሄ የማን ነው?" ሲል ጠየቀ፤ ሳይነገረው ገብቶታል።

"ወሬ እንዳላመላልስ ሁለታችሁም አስምላችሁኛል።"

"ምን ወሬ አለው? ይኸው ተጽፎ!"

ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች። "ልጁ ጋ ሊኖር ነው፤ ሌላ ከተማ። ለገዢ ማስታወቂያ ይሆናል ብሎ ጠዋት እኔኑ አስቀየረኝ። ነገ አንድ ሰው ቤቱን ሊያይ ይመጣል።"

ቁልፍ ሠሪው የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ወንድሙን ተቆጥቶ ያውቃል፣ ተቀይሞ ያውቃል፤ ዛሬ ግን ፈራ። አኩራፊ ወንድም ከግድግዳ ማዶ እስካለ ድረስ ኩርፊያውም ቢሆን ቤተሰብ ነው። ከሄደ በኋላ ግን ጠዋት ምን ሊሰማ ነው?

"ታዲያ ሂድና አናግረዋ፤ ግድግዳ ነው የለያችሁ፣ ባሕር አይደለ።"

"ምን ብዬ?"

"አፍህ ላይ የመጣልህን።"

"አፌ ላይ የሚመጣው ነው ለዚህ ያበቃኝ!" ስልኩን መልሶ አየና፣ "እዚህ ስም ላይ ስንት ፊደል ይገባል?" አላት።

"በእኛ ፊደል ከሆነ አሥር ገደማ።"

ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጻፊ። ውድ ወንድሜ ሆይ፣ በዚያን ዕለት ከአፌ አምልጦ..."

"አሥር ነው ያልኩህ ጋሼ!"

"ገና ሰላምታ ላይ ነኝ!"

ክፍሉን ወዲያና ወዲህ ለካው። ሰደበ፣ ሠረዘ፣ አንዴ "እንዳሻህ ሂድ" ብሎ አጻፋትና ሳትጨርስ አስጠፋት። በመጨረሻ መስኮቱ ጋ ቆሞ ፊቱን ወደ ውጭ እንዳዞረ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፤" አለ።

ልጅቷ በጣቷ ቆጠረች። "ሰባት። ሦስት ተርፎሃል።"

"የተረፈው ይቅር። ፓስወርዱንም አንሺው።"

"ምኑን?"

"ካልገባ ማንበቡን በምን አውቃለሁ? ፓስወርዱን ደግሞ ማን ይነግረዋል? አንቺ ምለሻል፤ እኔ አልናገርም።"

ይሄ ሁሉ የደከመችበት ነገር እንዲህ በአንድ ቃል ሲፈርስ ማየት አላስቻላትም። ያልተቆለፈ ዋይፋይ ላይ የገባ ሁሉ በእሱ ስም ምን ሊሠራ እንደሚችል፣ ዕቃዎቹ ውስጥም ሊበረብር እንደሚችል አስረዳችው። እሱ ግን አንዴ ከወሰነ በሬ አይመልሰውም። በስተመጨረሻ ተስማሙ፤ የቤቱ ዋይፋይ በረጅሙ ፓስወርድ ተቆልፎ ይቆያል፣ ለእንግዳ የሚሆን ሌላ መስመር ግን ክፍት ሆኖ በዚያ ስም ይወጣል።

"እንግዳው ሳሎን ይገባል፣ ጓዳ አይገባም፤" አለችው። "ግን እስከ ነገ ብቻ! ነገ መጥቼ እዘጋዋለሁ።" የገባ ሰው ስልኩ ላይ የት እንደሚታየው አሳየችውና መሰላሏን ይዛ ሄደች።

ቁልፍ ሠሪው ስልኩ ላይ አፈጠጠ። አንድ ሰው ገባ። ልቡ ዘለለች፤ የማዶው ፀጉር አስተካካይ ነው። ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ፣ ቀጥሎ ተከራዮቹ ተማሪዎች፣ ቀጥሎ ስማቸውን የማያውቃቸው ስልኮች ተግተልትለው ገቡ። በነፃ ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ ዘመድ ነው። የአናጢው ስልክ ብቻ የለም።

ይባስ ብሎ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ እየሮጠ መጣ። "ጋሼ፣ ዋይፋይ ስታስዘረጋ አይቻለሁ፤ ጥፋቱ ምንድነው? የሱቄን ቁልፍ ስትቀርጽልኝ ቅጂ ወጥቶ ነበር እንዴ?"

"ምን ቅጂ አመጣብኝ!"

እሱን ሳይሸኝ ልብስ ሰፊዋ ደረሰች። "ወንድምዓለም፣ እውነቱን ንገረኝ፤ የኔን ቁልፍ ለማን ሰጠኸው?"

ቁልፍ ሠሪ ጥፋቴ ብሎ ሲለጥፍ ሰፈሩ እንደሚደነግጥ ማን አሰበ! "የቤተሰብ ነገር ነው!" ብሎ ሁለቱንም ወደ ደጅ ገፋቸውና በሩን በሦስቱም ቁልፍ ጠረቀመው። ተመልሶ ጓዳ ተቀመጠ። ያኔ ነው ከግድግዳው ማዶ መላጊያው ድንገት ቀጥ ያለው። ወዲያው በር ሲበረገድ ሰማ፤ ከዚያም የሩጫ ኮቴ።

"ጋሼ! ጋሼ!" ደጁ ተናጋ። "ጋሼ፣ ክፈት!"

ቁልፍ ሠሪው የቁልፍ ዘለላውን ይዞ ሮጠ። ስንቱን በር ዓይኑን ጨፍኖ የከፈተ ሰው፣ የገዛ ቤቱን ቁልፍ ለይቶ ማውጣት አቃተው። ሦስተኛውን ለሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ለአንደኛው። ውጭ ያለው በትከሻው ይገፋ ጀመር። በሩ የእንጨት ነው፤ ለሰው ሁሉ ብረት ሲያስመርጥ የኖረው ሰውዬ የራሱን ሊቀይረው አንጀቱ አልቻለም።

"አትግፋው፣ ትከሻህን ትሰብራለህ!" ብሎ ጮኸ። "አይከፈትልህም፤ የሠራኸው አንተ ነህ!"

ግፊያው ቆመ። ቁልፉ ዞረ።

አናጢው ቅንድቡ ድረስ ሰጋቱራ ለብሶ፣ መዶሻ ይዞ፣ እያለከለከ ቆሟል። ወንድሙን ከእግር እስከ ራሱ አየው። "ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ምን ነክቶህ ነው? ስኳር የሚቆልፍ ሰው ኢንተርኔቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ‘ጥፋቱ የኔ ነው’ ብሎ ሲጽፍ ምን ልበል? ሊሞት ነው፣ ኑዛዜ ነው ብዬ እኮ ልቤ ልትወጣ ነው!"

ቁልፍ ሠሪው ሊስቅ ፈለገ፤ አፉን ሲከፍት ግን የወጣው ሳቅ አልነበረም።

"አትሂድብኝ፤" አለ።

አናጢው መዶሻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ቅንድቡን ጠረገ፤ ሰጋቱራው ዓይኑ ውስጥ ገባና መልሶ ዓይኑን ጠረገ። "ሰውየው ነገ በጠዋት ይመጣል። ቃል ሰጥቻለሁ። ደግሞ እኔ ሰው ፊት እምቢ ማለት አላውቅበትም።"

"እኔ አውቅበታለሁ። ደጃፍህ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ።"

"ምን ልትለው?"

"ቤቱ ሰው አለበት፣ እለዋለኋ።"