የጉንዳኖቹ ሰልፍ

አለበል ኖራ ውስጥ የነከረውን ብሩሽ እንዳነሣ ቀረ። ግድግዳው ላይ አንዲት ድመት ቁጭ ብላለች።

በጥቁር የተሣለች ናት፤ ጅራቷ ትንሽ ረዝሟል። ከበላይዋ ገመድ ላይ ዓሣ ተሰቅሏል። ከሥሯ በወፍራም ፊደል እንዲህ ይላል፦

ድመቷ ቁጭ ብላ ዓሣውን ታያለች፤
ልክ እንደ ጎረቤት ልትቀምስ መጥታለች።

ብቻውን ሳቀ። ለቀበሌው መፈክር መጻፍ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የባሕር ዳርን ግድግዳ ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ይመስለው ነበር። ይህን የሐይቅ ዳር መጋዘን ግን ሊደርቁ በየተራ የሚደገፉ ታንኳዎች ክረምቱን ሙሉ ሸፍነውት ከርመዋል። ለአብዮት በዓል መፈክር ይጻፍበት ስለተባለ ታንኳዎቹ የተነሡት ገና ዛሬ ጠዋት ነው።

ወደ ቀኝ ሁለት እርምጃ ሄደ። አንድ ሰውዬ ታንኳ ላይ ተጋድሟል፤ አፉ ተከፍቷል።

መስዑድ አንቀላፋ፣ መቅዘፊያው ወደቀ፤
ዓሣው ብቅ አለና ከትከት ብሎ ሳቀ።

ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ሳቁ ቆመ። ሴቶች ዕቃ ዕቃቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። የእነሱ ሰልፍ ካለቀበት ሌላ ሰልፍ ይጀምራል፤ የጉንዳን። ጉንዳኖቹ ስኳር ተሸክመው ወደ አንድ ቆርቆሮ ቤት ይገባሉ።

እኛ ሰልፍ ላይ ሆነን ስኳሩ አለቀ፤
በሊቀመንበር ቤት ጉንዳኑ ደመቀ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አገኘሁ ግድግዳውን ሊያይ በሦስት ሰዓት እመጣለሁ ብሎታል። ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል።

“ይህን የጻፈው ማነው?” አለ አለበል ጮክ ብሎ።

“ምነው፣ ፊደል ገደፍሁ?”

አሥር እርምጃ ያህል ርቃ፣ ለታንኳ የሚሆን ደንገል የምታስር ሴት ናት የመለሰችው። ሸሪፋ ትባላለች፤ የታንኳ ሠሪው የመስዑድ ሚስት፣ ሃምሳን ያለፈች።

“እትዬ ሸሪፋ! እርስዎ ነዎት?”

“መሠረተ ትምህርት ግቢ አላችሁኝ፣ ገባሁ። መጻፍ አስተማራችሁኝ። ደብተሩ አለቀ። ታዲያ የት ልጻፍ፣ ግንባሬ ላይ?”

“ይህ እኮ ያሳስራል!”

“ድመቷ?”

“ጉንዳኖቹ!”

“በደጁ ሳልፍ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ወላሂ፣ አንዲት ጉንዳን አልጨመርሁም።”

አለበል ብሩሹን ነክሮ ጉንዳኖቹ ላይ ለቀለቀባቸው። ኖራው ተንከባሎ ወረደ፤ ጉንዳኖቹ የታጠቡ ያህል ይበልጥ ጠቆሩ። ደገመ። አሁንም ወረደ።

“አይዝልህም” አለች ሸሪፋ፣ ኩራቷን መደበቅ አቅቷት። “ጥላሸቱን በዓሣ ሞራ ለውሼው ነው፤ ዝናብ እንዳያጥበው።”

“ምነው ዝናቡ ባጠበው!”

ለሦስት መሥመር መፈክር የተሰጠው አንድ ጣሳ ቀይ የዘይት ቀለም ነበር። ከፈተው። ጉንዳን በጉንዳን፣ ሴት በሴት፣ ፊደል በፊደል እየሸፈነ ሄደ፤ ቅርጽ እንዲኖረውም አምስት ጫፍ አወጣለት። የመጨረሻዋ ጉንዳን ስትጠፋ የብስክሌት ደወል ተሰማ።

ጓድ አገኘሁ ብስክሌቱን አቁሞ ቀና አለ።

“ኮከብ መቼ አዘዝሁህ?”

“ለበዓሉ ድምቀት ብዬ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

“በዝቷል። በጣም ትልቅ ነው።”

“አብዮቱስ ትንሽ ነው እንዴ?”

ሊቀመንበሩ ፊቱን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ዓይኑ ድመቷ ላይ አረፈ፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበና በሳቅ ፈነዳ።

“ቁርጥ የእናቴን ድመት! ማነው የሣላት?”

ሸሪፋ ደንገሉን ማሰር አቆመች። አለበል ወደ እሷ አልዞረም።

“እንጃ። ታንኳዎቹ ሲነሡ ነው ያገኘኋት።”

“እጁ ጥሩ ነው” አለ ጓድ አገኘሁ። ወዲያው ግን ጉሮሮውን ጠረገ። “ቢሆንም ይጥፉ። ሁሉም። ግድግዳው የመፈክር ነው። ስድስት ሰዓት ላይ አልቆ ልየው።”

ብስክሌቱ ርቆ ሄደ።

አለበል ድመቷንና የተኛውን መስዑድን በወፋፍራም ቀይ ፊደሎች ሸፈናቸው። ኮከቡ ቀለሙን ስለበላበት ሦስቱ መሥመር አንድ ሆኖ ቀረ። ሲጨርስ ሸሪፋ አጠገቡ ቆማ ነበር።

“ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።”

“ለምኑ? ታንኳም ሁለት ወር ቢቆይ ነው። ይበሰብሳል፤ ሌላ እናስራለን።” በጥላሸት የጠቆሩ ጣቶቿን አየች። “እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። አሁን ደግሞ የት ልጻፍ? የኛ ቤት ግድግዳ ደንገል ነው፤ ፊደል አይዝም።”

አለበል ባዶውን ጣሳ ከደነ። ግሽ አባይ ሰፈር የተከራያት ክፍል ትዝ አለችው። ሁለት ዓመት ሲኖርባት አንድ እንግዳ ገብቶባት አያውቅም። ማታ ማታ ጋደም ብሎ ነጩን ግድግዳ ያያል፤ መብራት ሲያጠፋም ያው ነው።

“እኔ ቤት አራት ግድግዳ አለ” አለ።

“ለብቻህ?”

“ለብቻዬ።”

“ምን ይሠሩልሃል፣ አንተ ልጅ?”

ብሩሹን መሬት አስቀመጠ፤ እጁን በሱሪው ጠረገና ከኪሱ ቁልፍ አወጣ። ቀለበቱ ላይ ሁለት ናቸው፤ ሁለተኛውን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ፈልቅቆ መዳፏ ላይ አኖረላት።

“ከጋሽ መስዑድ ጋር ይምጡ” አለ። “በመስኮቱ በኩል ያለችውን ግድግዳ ብቻ ይተዉልኝ። እሷ ላይ እኔ እጽፋለሁ።”