ክሊፍ ያበሰለው የእሁድ ምሳ

የጎረቤታችን የክሊፍ ሄፕወርዝ ግንባር በመዋኛ ገንዳ ውስጥ በአንዲት ሴት ተረከዝ የተመታው በመስከረም መጨረሻ ነው። ሴትየዋ በጀርባዋ እየዋኘች በአጠገቡ ስታልፍ አላየችውም። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ እየተንሳፈፈ ነበር።

ያን ቀን በራችንን ሲያንኳኳ ወጥቼ ከፈትኩለት። ግንባሩ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ተሸክሞ፣ ፊቱ በሙሉ ጥርስ ሆኖ ቆሟል።

«ሱኪ፣ ተመታሁ» አለኝ።

«ይታያል። ማን ነው የመታህ?»

«ግሌኒስ ትባላለች። ይቅርታ ብላ ሻይ ጋበዘችኝ። እሷን እያየሁ ሻዩ ቀዘቀዘ።»

ክሊፍ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሚስት አግብቶ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ በከተማችን በሊድስ ፎቆች ውስጥ ሊፍት ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ። እኔና ባሌ ጉርዲፕ ከእሱ ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርተን ስንት ዘመን ኖረናል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቤቱ የዳቦ ጥብስና የቆርቆሮ ባቄላ ሽታ እንጂ ሌላ ሲወጣ አላስታውስም። ከዚያች ተረከዝ በኋላ ግን ሰውዬው ሌላ ሆነ። አዲስ የዋና ቁምጣ ገዛ። ዝናብ እየዘነበበት ጃንጥላውን እንደታጠፈ ይዞ እያፏጨ ይሄዳል።

ጥቅምት ገብቶ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር አንድ ቀን ፊቱ ነጥቶ መጣ።

«ዋሸሁ» አለ።

«ምን ብለህ?»

«ግሌኒስ 'እናቴ ከሞተች ወዲህ ደህና የዮርክሻየር ፑዲንግ አልበላሁም' ስትለኝ አፌ ራሱ ተከፈተ። 'የእኔን ብታዪው ጣራ ይነካል' አልኳት።»

«እሷስ?»

«'እንግዲያው እሁድ በሰባት ሰዓት እመጣለሁ' አለቻ!»

ጉርዲፕ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ ሳቁ አፈነው። «ጣራ የሚነካ! አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ እንቁላል ቀቅለህ ታውቃለህ?»

ፑዲንግ እንኳ ያን ያህል አያስቸግርም። እንቁላል፣ ዱቄትና ወተት ይመታል። ቅባቱ ኦቨን ውስጥ እስኪጨስ ይግላል፤ ቀጭኑ ሊጥ እላዩ ላይ ሲፈስ ጢስስ ይልና እንደ ባርኔጣ ይነፋል። ከተጠበሰ የበግ ሥጋ ጎን ተቀምጦ፣ ጎድጓዳ ሆዱ ወፍራም መረቅ ሲሞላ ውጭ ያለው ብርድና ጭቃ ይረሳል። ትልቁ ነገር፣ እስኪበስል ድረስ ኦቨኑን አለመክፈት ነው።

ላስተምረው ብዬ ስሄድ የክሊፍ ኦቨን እስከ አፉ በሊፍት መጠገኛ መጻሕፍት ተሞልቷል። ለካ መደርደሪያው ነው! መጻሕፍቱን አውጥተን፣ አቧራውን ጠርገን ጀመርን። ሰውዬው ግን መዝጊያ አይቶ አያስችለውም። ዘወር ስል ከፈት፣ ዘወር ስል ከፈት። ፑዲንጎቹ እንደ ጫማ ሶል ተለጥፈው ወጡ።

«ሊፍት መሰለህ እንዴ?» አለው ጉርዲፕ። «በየፎቁ አይቆምም እኮ!»

ሳምንቱን በሙሉ ተለማመደ። የጭስ ማንቂያው በጮኸ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ «ክሊፍ ኩሽና ገባ» ይላል። የከሸፉትን ጉርዲፕ ለእርግቦች ወረወራቸው። አንዷ እርግብ ጠጋ ብላ አየችና እየተራመደች ሄደች፤ ለመብረር እንኳ አልቸኮለችም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ከግድግዳው ማዶ ጩኸት ሰማን። ተቃጠለ ብለን ስንሮጥ ክሊፍ ፓትራውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ በካልሲው ብቻ፣ ግቢው ውስጥ እርጥብ ቅጠል ላይ እየጨፈረ አገኘነው። ፑዲንጎቹ ተነፍተው፣ ወርቅ መስለው፣ እንፋሎታቸው ብርዱ ውስጥ ይትጎለጎላል።

«ተነሡ! ሱኪ፣ ተነሡልኝ!»

እኔም አብሬው ጨፈርኩ። ምን ላድርግ?

እሁድ እኛ ድርሽ እንዳንል ተነግሮናል። ቁርሳችን ገና ከሆዳችን ሳይወርድ፣ እኔ በቢጃማዬ እንዳለሁ፣ በሩ ተደበደበ። ክሊፍ ነው። ከረባት አስሯል፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቷል፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

«አትመጣም» አለ። «ቀረች። ኑና ብሉልኝ፤ ብቻዬን ሆኜ ላየው አልችልም።»

«ክሊፍ፣ ለምሳ ገና አይደለም?»

«ምን ገና ነው፣ አልፏል እንጂ!» አለኝ።

አልፏል ያለው ፍቅሩን መሰለኝ። ካፖርት ደርቤ ሄድኩ። ጉርዲፕማ ቀድሞኝ ሹካ ይዟል።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ያ ምሳ! የበጉ ጭን ከአጥንቱ በማንኪያ ይላቀቃል። ድንቹ ከላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ውስጡ ጥጥ ነው። ፑዲንጎቹ ደግሞ የሕፃን ኮፍያ ያህላሉ። ክሊፍ ጀርባውን ሰጥቶን በመስኮት መንገዱን ያያል፤ እኛ እያጽናናነው እንበላለን። እያጽናናነው ጨረስነው። ጉርዲፕ መረቁን በጣቱ መጥረግ ሲጀምር የበሩ ደወል ጮኸ።

ክሊፍ ከፈተ። አረንጓዴ ካፖርት የለበሰች፣ ዝናብ ያረጠበው አጭር ሽበቷ ላይ ቢጫ ቅጠል የተለጠፈባት ሴት በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዛ ገባች። ትኩስ ፖምና ቀረፋ ቤቱን ሞላው።

«ልክ ሰባት ሰዓት!» አለች። «ከእናቴ የወረስኩት ሰዓት ማክበር ብቻ ነው።»

«አርፍደዋል እኮ፣ እርስዎ» አለ ክሊፍ፣ ከረባቱን እያስተካከለ።

«ምን? ደግሞ እርስዎ ማለት ከየት መጣ? እስከ ትናንት አንቺ አልነበርኩም?»

«ስምንት ሰዓት ሆኗል!» ብሎ የግድግዳ ሰዓቱን አሳያት።

ጉርዲፕ ቀስ ብሎ ስልኩን ከኪሱ አወጣና አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። «ክሊፍ» አለ፣ «ትናንት ማታ ሰዓትህን ወደ ኋላ አልመለስክም እንዴ?»

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አገሩ በሙሉ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል። ስልክ ራሱ ይመለሳል። የክሊፍ ግን የግድግዳ ነው፤ እሱም ሌሊቱን ስለ ፑዲንግ እንጂ ስለ ሰዓት ሲያስብ አላደረም።

ግሌኒስ አጥንቱን አየች። ባዶውን ፓትራ አየች። ካፖርቴ ሥር ብቅ ያለውን ቢጃማዬን አየች።

«ምሳዬን በላችሁብኝ?» አለች።

ጉርዲፕ ሹካው ላይ የሰካውን ድንች ዘረጋላት። «አንድ ቀርታለች።»

ሳቋ እንዴት እንደጀመረ አላውቅም፤ ብቻ ቤቱን ናጠው። ሳህኑን ለእኔ አቀብላ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች፣ ጎኗን ይዛ። ክሊፍ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ እሱም አጠገቧ ተቀመጠና አብሮ ፈረሰ። ድንቿን ለሁለት ተካፍለው በሏት።

«ሊጡ ግን አለ» አለ ክሊፍ እንባውን እየጠረገ። «ምናልባት ብዬ ደብል ነው የሠራሁት።»

«እና ምን ትጠብቃለህ? ቅባቱን አግለው!»

ግሌኒስ ካፖርቷን ወርውራ ሊጡን እንደ አዲስ መታችው፤ መጋረጃው ሳይቀር ተረጨ። ሁለቱ ኦቨኑ ፊት ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው በመስታወቱ ያያሉ። ሊጡ ጫፉን ቀና ባደረገ ቁጥር እንደ ኳስ ተመልካች ይጮሃሉ። በግ ስላልነበረ ፑዲንጉን በእንጆሪ ማርመላታ በሉት። የእሷን የፖም ጣፋጭ ደግሞ ከሳህኑ በቀጥታ፣ በየማንኪያቸው።

«እናትሽስ?» አላት ክሊፍ ፈራ ተባ እያለ። «የእሷን ያህላል?»

«የእሷ ጠፍጣፋ ነበር» አለች አፏ እንደሞላ። «እኔ ግን እወደው ነበር።»

ሲጨርሱ ተያይዘው ወጡ። እቃ ማጠቡ ለእኔና ለጉርዲፕ ተፈረደ፤ የበላን እኛ ነን። በኩሽናው መስኮት ስናይ ግሌኒስ ክሊፍን የመንገድ ጠራጊዎቹ ወደከመሩት ቅጠል ስትገፋው ከነከረባቱ ሰጠመ። እጁን ዘርግቶ እሷንም ጎትቶ አሰጠማት። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሰውዬ ቆሞ አያቸው፤ ውሻው ግን ገመዱን በጥሶ እነሱ መሃል ዘለለ።

«ሱኪ» አለኝ ጉርዲፕ፣ ሳህን ይዞ እንደቆመ። «እኛስ?»

«እኛስ ምን?»

ሳህኑን አስቀምጦ በሩ ጋ ደርሷል። እኔም የማጠቢያ ጓንቴን ሳላወልቅ፣ በቢጃማዬ ላይ ካፖርቴን እየጎተትኩ ተከተልኩት።