ሙባረክ የሚባል ጣቢያ

ሻዝሊ ካይሮን አውቃታለሁ ባይ ነበር። በወጣትነቱ እዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆኖ ሠርቷል፤ አስዋን አጠገብ ባለችው መንደራቸው ስለ ከተማዪቱ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ለወንድሙ ልጅ ሰርግ ሚስቱን ነብራን ይዞ ሲመጣ መንገዱን ሙሉ ሲመክራት መጣ።

«ከማንም ጋር እንዳታወሪ። ስልክሽን ለእኔ ስጪኝ፣ ይሰርቁሻል። ድንገት ከተለያየን ሙባረክ የሚባለው ጣቢያ ውረጂና ጠብቂኝ። ትልቅ ነው፣ ማንም ያሳይሻል።»

ነብራ እሺ፣ እሺ ትላለች እንጂ ጆሮዋ እሱ ጋ አልነበረም። ልጆች ድራ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ ከአስዋን ወዲህ ስታልፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሕንፃው፣ ሰዉ፣ ጩኸቱ፣ ሁሉም ባንዴ እዩኝ እዩኝ ይላታል።

በማግስቱ ለሙሽሮቹ ብርድ ልብስ ሊገዙ ወጡ። የምድር ውስጥ ባቡሩ መጥቶ ሲቆም የሴቶች ጎርፍ ከኋላዋ መጣና ነብራን ጠራርጎ የሴቶች ፉርጎ ውስጥ ከተታት። ዞር ስትል በሩ ተዘግቷል። ሻዝሊ ውጭ ቀርቶ በመስኮቱ እጁን ወደ ላይ ያወናጭፋል። ምን ማለቱ እንደሆነ አላህ ይወቀው። ባቡሩም ተንቀሳቀሰ።

ነብራ በፍርሃት የበሩን ብረት ጨምድዳ ያዘች። አጠገቧ የተቀመጠች ደንዳና ሴት ከራሷ የሚተልቅ ነጭ ነገር በላስቲክ ሸፍና ጭኗ ላይ ይዛለች። ፊቷ ኮስተር ያለ ነው። ነብራ የባሏን ምክር ዋጥ አድርጋ ጠጋ አለቻት።

«እህቴ፣ ሙባረክ ጣቢያ ስንደርስ ትነግሪኛለሽ?»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻትና ሳቋ አመለጣት። «ሙባረክ? የት ተኝተሽ ነው የከረምሽው? ስሙ ከተቀየረ እኮ ዘመን አልፎታል! አሁን ሹሀዳ ነው የሚባለው።»

«ታዲያ ባሌ ሙባረክ ጠብቂኝ ነው ያለኝ!»

ይህን ጊዜ ፉርጎው ሁሉ የእሷ ሆነ። ባቡሩ እየተናጠ እጇ ሳይንቀጠቀጥ ዓይኗን ስትኳል የነበረች ልጅ ኩሏን አቁማ፣ «ሃጃ፣ አይዞሽ፣ ጠይቆ ይደርሳል» አለች። ከወዲያ ጥግ ሌላዋ፣ «ወንድ መንገድ ሲጠይቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ስትል ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ነብራም አብራ ሳቀች፤ ሳቋን ስትሰማ ፍርሃቷ የት እንደገባ አላወቀችም።

ኮስታራዋ ሴት ኢንሺራህ ትባላለች፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ጭኗ ላይ የያዘችውም ነጭ ነገር የሙሽራ ቬሎ ነው። ሹሀዳ አብረው ወረዱና ኢንሺራህ ስልኳን ሰጠቻት። ነብራ በቃሏ የምታውቀው የራሷን ቁጥር ብቻ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ሻዝሊ ኪስ ውስጥ ነው። ደወለች። አይነሳም። ደጋግማ ደወለች።

«አያነሳም» አለች። «ካይሮ ውስጥ የማይታወቅ ቁጥር ካነሱ ይዘረፋል ብሎኛል።»

ብዙ ባቡር አለፈ፤ ሻዝሊ ግን የለም። ኢንሺራህ ሰዓቷን አየች። «ስሚኝ፣ ሙሽራዋ እላይ አደባባዩን ተሻግሮ ፀጉር ቤት ቁጭ ብላ ይሄን ቀሚስ ትጠብቃለች። ጫፉን ያዢልኝ፣ አድርሰን እንመለስ። ባልሽ ሲጨንቀው ራሱ ይደውላል።»

ደረጃውን ወጥተው ራምሲስ አደባባይ ላይ ብቅ ሲሉ ነብራ ባለችበት ተገተረች። መኪና በመኪና ላይ፣ ክላክስ በክላክስ ላይ። ማቆሚያ ያለው አይመስልም።

«መቼ ነው የሚቆሙልን?»

«እስኪቆሙልሽ ከጠበቅሽ እዚሁ ታረጃለሽ። ዓይናቸውን እያየሽ ሂጂ። አትሩጪ፤ ከጀመርሽ ደግሞ ወደ ኋላ የለም።»

ቬሎውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ገቡበት። መሃል ላይ ሲደርሱ አንድ ሚኒባስ እየጮኸ መጣባቸው። ነብራ በመንደሯ ከአባይ ወዲያ ማዶ ያለ ጀልባ የምትጠራበትን ድምፅ አወጣችው።

«ሙሽራ ናት! የሙሽራ ልብስ ነው፣ አታይም እንዴ አንተ!»

ሚኒባሱ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አያት፣ ከዚያ ጥርሱ ሁሉ ታየ። «እንኳን ደስ አላችሁ፣ የኔ እናት!» ብሎ ክላክሱን በሰርግ ምት ይመታው ጀመር። ከኋላው ታክሲው ተቀበለው፣ ከታክሲው አውቶቡሱ። ነጩ ቀሚስ እንደ ሸራ እየተወጠረ አደባባዩን ሲያቋርጥ ነብራ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም።

ፀጉር ቤቱ ሲገቡ ሙሽራዋ ከነፀጉር መጠቅለያዋ ብድግ ብላ ቬሎዋን አቀፈችው። ነብራ እልልታዋን ለቀቀችው፤ መስታወቶቹ የተሰነጠቁ እስኪመስል። እናትየው ሳታውቃት አቅፋ ሳመቻት። በዚህ መሃል የኢንሺራህ ስልክ ጮኸ፤ ነብራ ስታነሳው ሻዝሊ ነው፣ ኢንሺራህም ጆሮዋን አስጠጋች።

«ሃሎ! ማነህ አንተ? ምን ፈልገህ ነው የምትጨቀጭቀኝ? የምሸጠውም የምገዛውም የለኝም!»

«እኔ ነኝ፣ የሰምራ አባት» አለች ነብራ፣ ባሏን በልጃቸው ስም ጠርታ።

«ነብራ? አፈኑሽ እንዴ?»

«ሙሽራ እያለበስኩ ነው። የት ነህ?»

«መርግ» አለ፣ ድምፁ ሟሽሾ።

«መርግ?» ኢንሺራህ ጭኗን መታች። «የባቡሩ መስመር ጫፍ እኮ ነው!»

«ሙባረክ እስኪሉ ስጠብቅ… አላሉም።»

«ሰው አትጠይቅም ነበር?» አለች ነብራ። «በል ባቡሩን መልሰህ ያዝና ሹሀዳ ውረድ። ሹሀዳ። ከጠፋህ ሴቶቹን ጠይቅ፤ ፊታቸው ነው እንጂ ክፉ አይደሉም።»

ሁለቱ ሴቶች ሹሀዳ ጣቢያ ደጃፍ ተመልሰው ሲጠብቁት ሻዝሊ ጥምጣሙ ተፈትቶ፣ በላብ ተጠምቆ መጣ። ሊቆጣት አፉን ሲከፍት ኢንሺራህ የሸንኮራ ጭማቂ በብርጭቆ አስጨበጠችው፤ ቁጣውን ከጭማቂው ጋር ጠጣው።

ማታ የወንድሙ ልጅ ቤት ሻዝሊ ለዘመዶቹ ነብራ እንዴት እንደጠፋችበትና እንዴት ብሎ እንዳገኛት ሲያወራ፣ እሷ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። አላረመችውም። ሳቋን በሻሿ አፍና ሲጨርስ ጠበቀችና ወጣ ብላ የወንድሙን ልጅ ጠየቀችው።

«እስክንድርያ በባቡር ስንት ሰዓት ይፈጃል? ባሕር አይቼ አላውቅም።»

ሻዝሊ ቀና አለ። «ማን ይወስድሻል?»

«የፈለግህ እንደሆን» አለች ነብራ፣ «አንተንም እወስድሃለሁ።»