የአንኮበር ወንፈልና አልታዘዝ ያለው ኤሊ

አርባ ስምንተኛ ደረጃ የደረሰ ኤሊ፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት አዳራሽ፣ «ምታ!» ሲባል አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ አይተህ ታውቃለህ? አላየህም? እንግዲያው ስለ ነጥብና ስለ ደረጃ አፍህን አትክፈት። «የልጆች መጫወቻ ነው» እያልክ ከንፈርህን የምትመጥ ከሆነ፣ መምጠጡን አቁመህ ስማ።

አልታየች ገብረአማኑኤል የአንኮበር ልጅ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ፣ ሥራዋ ሒሳብ ማስተማር ነው። ስትናደድ ጠመኔ ትሰብራለች፤ በዓመት ስንት ካርቶን ጠመኔ እንደሚያልቅ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ይወቀው። «ጫካ» የሚባለውን የስልክ ጌም አንኮበር ያስገባችው እሷ ናት። ጨዋታው አያስቸግርም። አውሬ ትይዛለህ፣ ከዱር አውሬ ጋር ታዋጋዋለህ፣ ባሸነፈ ቁጥር ነጥብ ያገኛል፣ ነጥቡ ሲሞላ ደረጃው በአንድ ከፍ ይላል። ደካማውን ብትጥል የምታገኘው ፍርፋሪ ነው፤ ከአንተ የበረታውን ብትጥል ግን ድግስ ነው። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ደግሞ መሰላሉ ይረዝማል። ከአምስተኛ ወደ ስድስተኛ ለመውጣት ሻይ እስኪፈላ ይበቃል፤ ከአርባኛ ወደ አርባ አንደኛ ለመውጣት ሳምንት ያንገላታል።

ይህን ለአባቷ ስታስረዳ፣ አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩት መሪጌታ ገብረአማኑኤል ጢማቸውን እየደባበሱ አዳመጧት።

«ይኸማ የእኛው ጉባኤ ቤት ነው» አሉ። «ውዳሴ ማርያም ቶሎ ይዘለቃል፤ ድጓ ግን ጥርስ ያስወልቃል። ይህን ያወጣው ሰው የቆሎ ተማሪ ነበር ወይ?»

«ኧረ አባባ፣ ይህን ዓይነቱን ጨዋታ የጀመሩት ጃፓኖች ናቸው።»

«እንግዲያው ጃፓንም መሪጌታ አለ ማለት ነዋ!»

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ሳቅ ብቻ ነበር። ከዚያ ውድድሩ መጣ። ሰሜን ሸዋን ወክሎ አዲስ አበባ የሚሄድ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ይመረጣል ተባለ። በሦስት ወር ውስጥ ብዙ ነጥብ የሰበሰቡት ሁለት ሰዎች ደብረ ብርሃን ላይ ይገጥማሉ፤ ያሸነፈ ይሄዳል። አልታየች ስሟን አስመዘገበች። የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ዘሥላሴ፣ በደብረ ብርሃን በአንድ የግል ኮሌጅ ኮምፒውተር የሚያስተምረው፣ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «የአንኮበር ሰዎች መጀመሪያ ኔትወርክ ፈልጉ፤ አውሬው ይደርሳል።» ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው የሳቅ ምልክት ለጠፈበት። አልታየች አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ቆጥራ ስትጨርስ ያን የአዲስ አበባ ወንበር ከደመወዟ አብልጣ ፈለገችው። ልብ በል፤ ሰብሳቢው ራሱም ተወዳዳሪ ነበር። «እንዴት ይሆናል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከግሩፑ ተባረረ። አገራችን እንዲህ ናት፤ ፊሽካ የያዘው ኳሱንም ይመታል።

አልታየች ግን ሒሳብ አስተማሪ ናትና የጨዋታውን መመሪያ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበችው። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ተነሥታ ወደ ጎረቤቷ ወደ ሔራን ሮጠች። ሔራን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ እሷም ትጫወታለች፤ ለውድድሩ ግን ጊዜ የላትም።

«ሔራንዬ! በልውውጥ ከሌላ ሰው የመጣ አውሬ ነጥብ የሚያገኘው በግማሽ ጨምሮ ነው! የራስሽ አውሬ መቶ በሚያገኝበት፣ የሰው አውሬ መቶ ሃምሳ ያገኛል! የያዘው ሰው ድምር ነጥብም እንደዚያው ይጨምራል!»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አንቺ የእኔን ያዢ፣ እኔ ያንቺን ልያዝ። እኔ ያንቺን አሳድጋለሁ፣ አንቺ የእኔን፤ ሲደርስ እንመላለሳለን።»

ሔራን ትንሽ አሰበችና ጉልበቷን መታች። «ወንፈል በይኛ!»

«ወንፈል!»

ተያይዘው ሳቁ። ገበሬው ዛሬ ያንተን ማሳ ነገ የእኔን እያለ ሲያርስ የኖረበትን፣ የትኛውም ጃፓን ያላሰበውን ነገር ስልክ ላይ አዋሉት። ሔራን ዳምጠውን ሰጠች፤ ዳምጠው የመንገድ መዳመጫውን ማሽን የሚያክል፣ ሲሄድ መሬት የሚደመድም ኤሊ ነው። አልታየች ደግሞ ጎፈሬን ሰጠች፤ እሱ ጋማው እስከ ጅራቱ የወረደ ዝንጀሮ ነው። ለራሷ የቀረቻት አሥራ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የቆመች ቁንጫ ናት። ስሟም ቁንጫ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ማን ይቻላቸው! ኔትወርክ የሚይዘው ኮረብታው ላይ ስለሆነ ከሥራ መልስ ወደዚያ ይሮጣሉ፤ ብርዱ ጣታቸውን ሲያደነዝዘው ተራ በተራ ብብታቸው ውስጥ ያሞቁታል። አልታየች ዳምጠውን ከአምስተኛ አንሥታ አርባ ስምንተኛ አደረሰችው። ሔራን ግን በመካከሉ የክትባት ዘመቻ መጣና ቆላ ቀበሌዎች ወርዳ ሦስት ሳምንት ከረመች። ጎፈሬ ወደ ኋላ ቀረ፤ ከተመለሰች በኋላ ብትሮጥም አርባ አምስተኛ ላይ ብቻ ደረሰ። እንዲያም ሆኖ ሦስቱ ወር ሲያልቅ በነጥብ ቀዳሚ የሆኑት ሁለቱ አልታየችና ዘሥላሴ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሠርተዋል፤ አንኮበሬ ብቻ የሚሠራው ስሕተት። በሦስት ወር ውስጥ አንድም ቀን እርስ በርስ አልገጠሙም። ወንፈል የገባ ሰው ከወንፈል ጓደኛው ጋር ይጋጠማል? ነውር ነው! አንድ ጊዜ፣ ለጨዋታ ያህል እንኳ ቢገጥሙ ኖሮ፣ በዱር የታዘዘ አውሬ ሁሉ በሰው ፊት እንደማይታዘዝ ያውቁ ነበር። መመሪያው ስለዚህ አንድ ቃል አላለም፤ አልገጠሙም፤ አላወቁም።

በውድድሩ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለቱና መሪጌታ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈሩ። የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሁለት አውሬ ልክ በሦስት ሰዓት ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ልውውጥ የለም።

«በቃ አሁን ጎፈሬን መልሺልኝ» አለች አልታየች።

«አርባ አምስት ነዋ ገና! አንቺ አርባ ስምንት አድርሰሽልኝ እኔ አርባ አምስት ልመልስ?»

«አንቺ ልጅ፣ በአርባ አምስት እገጥማለሁ አልኩሽ!»

«የጎደለ ወንፈል አልመልስም! እናቴ ብትሰማ በዚህ ዕድሜዬ ትገርፈኛለች!»

አልታየች ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ ይንገሯት እንጂ!»

መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣፍተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጂቱ ልክ ናት። ግማሽ ቀን አርሶ ሙሉ ቀን ያሳረሰ፣ ሞፈሩ ይሰበር።»

ሚኒባሱ በሙሉ «ልክ ናት!» አለ። ሔራን ስልኳን በመስኮት አውጥታ ኔትወርክ እያጠመደች፣ ከጎፈሬ የበረታውን አውሬ ብቻ እየመረጠች ተዋጋች። አርባ ስድስት ሲገባ ተሳፋሪው እልል አለ። አርባ ሰባት ሲገባ ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ደግሞ እንዳይወድቅ በቀስታ ንጂው» ብለው ሾፌሩን ትተው ሔራንን መከሩ። አርባ ስምንት የገባው አዳራሹ በር ላይ ነው። ሰዓቱ ሦስት ከአራት ደቂቃ ይላል።

ልውውጡ ተቆልፏል።

ሔራን አለቀሰች። አልታየች ግን ትከሻዋን አቀፈቻት። «ምን ቸገረሽ! ዳምጠውም አርባ ስምንት ነው፤ ያሳደግኩትም እኔ ነኝ። በእሱ እገጥማለሁ።»

ዘሥላሴ መድረኩ ላይ ከነከረባቱ ቆሟል። አውሬዎቹን ያወጣላቸውን ስም ብነግርህ አታምነኝም። ሃምሳኛ ደረጃ ያለው ነብር «ዲን» ይባላል፤ ሃምሳ ሁለተኛ ደረጃ ያለው እሳት የሚተፋ ንስር «ፕሮፌሰር»። እሱ ራሱ ሌክቸረር መሆኑን አስታውስ።

ጨዋታው በትልቁ ስክሪን ላይ ተጀመረ። ዲን ወጣ። ዳምጠው ወጣ። አልታየች «ድምደማ» የሚለውን ነካች።

ዳምጠው አዛጋ።

ደግማ ነካች። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ፦ «ዳምጠው ጌታዬ አይደለሽም ብሏል።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ከሰው ሲገጥም፣ አውሬ የሚሰማው ያሳደገውን ሳይሆን መጀመሪያ የያዘውን ነው ለካ! ሦስት ወር ሙሉ በብርድ ተንቀጥቅጣ ያሳደገችው ኤሊ እግሩን ሰበሰበ፣ አንገቱን አስገባ፣ ተኛ። ማንኮራፋቱ በድምፅ ማጉያው ሲያስተጋባ ወንበሩ ይርገበገብ ነበር።

«ወይዘሪት አልታየች፣ ትራስ እናምጣለት?» አለ ዘሥላሴ በማይክራፎን።

አልታየች አንገቷ ድረስ ቀላች። አዲስ አበባ ስትርቅ ታየቻት። ዲን እየተንጎራደደ መጥቶ የዳምጠውን ጀርባ ነከሰ። ዳምጠው ተበሳጨ መሰለኝ፤ ጎኑ ቆረቆረው መሰለኝ፤ ብቻ በእንቅልፉ ተገላበጠ። ዲን ከሥር ነበር።

ዳምጠው ዞር ሲል ዲን እንደ ቂጣ ተጠፍጥፏል።

«እሰይ!» አሉ መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ወርውረው። ዳምጠው በእንቅልፉ አርባ ዘጠነኛ ገባ። ሔራን እንባዋን ረስታ ወንበር ላይ ወጣች፦ «የእኔ ልጅ! ተኛልኝ የእኔ ልጅ! እንዳትነሣ!»

ፕሮፌሰር ወጣ። እሳት ተፋ፤ ዳምጠው አልነቃም። ደግሞ ተፋ፤ አልነቃም። በዚህ ጨዋታ እሳትም ይቆጠራል፤ አሥር ጊዜ ተፍተህ ያልቃል። ዘሥላሴ በንዴት አሥሩንም ጨረሰው። ከዚያ ለንስሩ የቀረው በጭንቅላት መላተም ብቻ ሆነ፤ ያም በተላተመ ቁጥር ራሱን ይጎዳዋል፤ የተላተመው ደግሞ ከኤሊ ቅርፊት ጋር ነው። ጓ! ጓ! ጓ! በመጨረሻ ዳምጠው እንቅልፉን ሳይጨርስ ተሸነፈ፤ ፕሮፌሰር ግን ለመብረር ቀርቶ ለመቆም ይንገዳገድ ነበር። ለድሉ ነጥብ አገኘ፤ ሃምሳ ሦስተኛ ገባ። ዘሥላሴ ዘሎ አጨበጨበ። ሁላችንም ሲያጨበጭብ አይተነዋል።

«የቀረሽን አውጪ እንግዲህ!»

አልታየች የቀረቻትን አወጣች። አሥራ ሁለተኛ ደረጃ፣ አንድ ጥፍር የማታክል ቁንጫ።

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ዘሥላሴ እንባውን በከረባቱ ጠረገ። አልታየች ግን ንስሩን እያየች ሒሳብ ሠራች፤ ከንስሩ ጉልበት የቀረው ክር ነው፣ የቁንጫም ንክሻ ክር ለመበጠስ አያንስም። ነካች። ቁንጫም የራሷ ናትና ታዘዘች! ዘለለች፣ ከላባው ሥር ገባች፣ ነከሰች። ፕሮፌሰር ጀርባውን ለማከክ ዞረ፣ ዞረ፣ ተደፋ።

አሥራ ሁለተኛዋ ሃምሳ ሦስተኛውን ጣለች! አልኩህ እኮ፤ የበረታውን ብትጥል ድግስ ነው! ነጥቡ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። ስክሪኑ አሥራ ሦስት አለ፣ አሥራ አራት አለ፣ ሕዝቡ አብሮ መቁጠር ጀመረ፣ «አሥራ ዘጠኝ! ሃያ! ሃያ አንድ!» መሪጌታ በእግራቸው ይመታሉ፣ ሔራን የማታውቀውን ሰው አቅፋ ትዘላለች፣ «ሃያ አምስት! ሃያ ስድስት! ሃያ ሰባት!» ቁንጫ በብርሃን ተሸፈነች፤ ብርሃኑ ሲገፈፍ ፍየል የምታክል፣ ባለ ወርቅማ ክንፍ ሆና ስክሪኑን ሞላችው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም። ጫጫ ከተማ ድረስ ያልተሰማ ከሆነ ነፋሱ ነው ጥፋተኛው።

ዘሥላሴ ማይክራፎኑን አነሣ። ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር የለም።

«ጸጥታ! በምዝገባው ቅጽ ላይ ቁንጫ የሰፈረችው አሥራ ሁለተኛ ደረጃ ተብላ ነው። አሁን ሃያ ሰባተኛ ናት። የተመዘገበችው ሌላ፣ መድረክ ላይ ያለችው ሌላ። በኮሚቴው ሰብሳቢነቴ ውጤቱን ሰርዣለሁ። አዲስ አበባ የምሄደው እኔ ነኝ።»

ከዚያ መሪጌታ ተነሡ።

«ልጄ፣ ተማሪ ጉባኤ መካከል ቢዘልቅ የዘለቀው ይፋቅበታል ወይ?»

«አባቴ፣ ይህ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ቴክኖሎጂ ነው!»

አልታየች አባቷ መልስ እስኪሰጡ አልጠበቀችም። ወንበር ረግጣ መድረኩ ላይ ወጣች። ደስታው ገና ከደሟ አልወጣም፤ ቁጣው ደግሞ ከላዩ ላይ ፈልቷል፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ልትስቅ ይሁን ልትጮህ እሷም አታውቅም። ከዘሥላሴ እጅ ማይክራፎኑን ወሰደች።

«ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። የተቆለፈው አውሬው ነው፤ ደረጃ የሚቆለፍበት አንድ መስመር የለም። እኔ በሰው ኤሊ ገጥሜ ተሳቀብኝ፤ ቻልኩት። ቁንጫዬ ግን የወጣችው እዚሁ፣ እናንተ ቆጥራችሁላት ነው!» ሕዝቡ «ቆጥረናል!» አለ። ወደ ዘሥላሴ ዞረችና ማይክራፎኑን አገጩ ሥር አስጠጋችለት።

«አቶ ዘሥላሴ፣ ንስርዎ በዚሁ ግጥሚያ ሃምሳ ሦስተኛ ሲገባ ያጨበጨቡት በየትኛው አንቀጽ ነው? ተወዳዳሪ ሆነው የተሸነፉትን፣ ሰብሳቢ ሆነው የሰረዙት በማን ውክልና ነው? ቢሮዬ ነይ አይበሉኝ፤ ቴሌግራም ላይም አይጻፉልኝ። ሕዝቡ እዚህ ነው፣ ማይክራፎኑም በርቷል፤ አሁኑኑ ይመልሱ!»