በታኪኖ ስንት ቤት ነበረ?

ያን ሳምንት ቺሃሩ ያልተምታታባት ነገር አልነበረም። አንዳንድ ልጅ ነገር ሳይገባው የገባው መስሎ ቁጭ ይላል፤ እሷ ግን አትችልበትም፣ ፊቷ ያሳጣታል። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ መምህርት ኦሪሃራ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ሣጥን ሣጥን የተሠመረበት ወረቀት ሲያድሉ ገና ከመጀመሪያው መሥመር ላይ ፈዛ ቀረች። ርዕስ። ደራሲ። አሳታሚ። የታተመበት ዓመት። ገጽ። ምንጭ።

«ሴንሴይ፣ ደራሲና አሳታሚ አንድ ሰው አይደሉም እንዴ?» አለች መምህርቷን።

«አይደሉም። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያሳትማል።»

«ሁለቱም ግን መጽሐፉን ሠሩት ማለት ነው አይደል?»

«ሩዝ የሚዘራና ሩዝ የሚሸጥ አንድ ሰው ነው?» አሏት መምህርቷ።

«እኛ ቤት አንድ ነው!» አለ ሪኩቶ ከኋላ። አባቱ ሩዝ ያመርታሉ፣ እዚያው ደጃቸው ላይ ይሸጣሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ቺሃሩም ሳቀች፣ ጥያቄዋ ግን እንዳለ ቀረ።

ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። ልጁ ሁሉ ስለ አካባቢው አንድ ነገር ያጠናል፤ ቅዳሜ ወላጆች ክፍል ገብተው በሚከታተሉበት ቀን ቆሞ ያቀርባል። አንዲት ሕግ ብቻ አለች፣ እሷም አትላወስም። «ምንጭ የሌለው ነገር አይገባም» አሉ መምህርቷ ጠረጴዛውን በጣታቸው ቆርቆር እያደረጉ። «መጽሐፍ ከሆነ የትኛው መጽሐፍ፣ ስንተኛው ገጽ? ሰው ከሆነ ማን፣ መቼ? ስም ከሌለው አትጻፉት።»

ቺሃሩ የመረጠችው ታኪኖን ነው። ታኪኖ ከከተማው በላይ፣ በግድቡ ሐይቅ ሥር የተኛ መንደር ነው፤ ውሃ ከዋጠው አርባ ዓመት አልፎታል። አያቷ ፉሚኤ የተወለደችው እዚያ ነው። ልጅቷ የመንደሩን ትልቅ ካርታ ልትሥል መሆኑን ስትሰማ አያትየው ጎመን በጨው ማሸቷን አቁማ ቀና አለች። እንዲህ ያለ ነገር አትለምንም ነበር፤ ያን ቀን ግን ለመነች።

«ቤታችንን ትሥይልኛለሽ? ከፕሪም ዛፉ ሥር ነው። ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ።»

«እሥልልሻለሁ አያቴ! ምንጩ ላይ ያንቺን ስም እጽፋለሁ።»

«ስሜንማ እንዳትጽፊ» አለች አያቷ ፍጥን ብላ። «መጽሐፍ ላይ ፈልጊው። ስሜን ግን አደራ።»

አሁን ይሄ ምን ማለት ነው? ቤቱ ይሣል፣ ባለቤቷ አትጠራ! ቺሃሩ ሌሊቱን ሙሉ ብታስበውም አይገባትም ነበርና ተኛች።

በማግስቱ መምህርት ኦሪሃራ ከታሪክ መደርደሪያው ታችኛው ረድፍ ላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጡላት። የመንደሩ ሰዎች ከተበተኑ በኋላ ተሰባስበው ያሳተሙት የታኪኖ መታሰቢያ ነው። ቺሃሩ መጀመሪያው ላይ ያለውን ማውጫ ገልጣ የአያቷን አባት ስም፣ ሂሩማ የሚለውን፣ ትፈልግ ጀመር። አንድ ጊዜ አየች፣ ደገመች፣ በጣቷ እየተከተለች ሠለሰች።

«እሱ የምዕራፎች ማውጫ ነው» አሏት መምህርቷ ትከሻዋን ነካ አድርገው። «የሰው ስም ኋላ ነው ያለው።»

ኋላ ሄደች። ሂሩማ እዚያም የለም። ካርታውን ከፈተች፤ ቤቶቹን ቆጠረች፣ አርባ ሁለት። ደግማ ቆጠረች፣ ያው አርባ ሁለት። ሁሉም ቤት ላይ የአባወራው ስም ተጽፏል። የፕሪም ዛፉ አለ፣ ቅርንጫፉ ሳይቀር አምሮ ተሥሏል። ከሥሩ ግን ባዶ ነው። አያቴ ትዋሻለች? አይ፣ አያቴ አትዋሽም። መጽሐፍስ ይዋሻል? ሴንሴይ ደግሞ ከመጽሐፉ ጻፉ ነው ያሉት።

«ሴንሴይ፣ ሰውና መጽሐፍ ከተጣሉ ማንን ነው የማምነው?»

መምህርቷ መጽሐፉን ገልብጠው የመጨረሻዋን ገጽ አሳዩዋት። አዘጋጁ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የአዘጋጁ የቤት አድራሻ ሳይቀር እዚያ ላይ አለ። «መጀመሪያ ማን እንደጻፈው እዪ» አሉ። «ከዚያ ብትችዪ ሄደሽ ጠይቂው።»

አድራሻው ከድልድዩ ማዶ ነው፤ አዘጋጁ አባባ ኢዋሴም የወለል ምንጣፍ የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። ቺሃሩ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች፣ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች።

«እርስዎ ደራሲው ነዎት ወይስ አሳታሚው?»

«ሁለቱንም ነኝ። ምን ላርግሽ ታዲያ?» አሉ መርፌያቸውን ሳያቆሙ።

ወይ ጣጣ! ሁለት ሰው ናቸው ሲባል አልነበር? ቺሃሩ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደምትጽፋቸው ቢጠፋትም የመጣችበትን ተናገረች። «ከፕሪም ዛፉ ሥር ቤት ነበር የሚል ሰው አለ። በእርስዎ መጽሐፍ ላይ ግን የለም።»

«ማነው የሚለው?»

«ስሟን እንዳልናገር ተብያለሁ።»

ሽማግሌው መርፌውን አስቀመጡ። ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና «ፉሚኤ ናት» አሉ። «ዐይንሽ የሷው ነው።»

ሻይ ቀዱላት፣ የሩዝ ብስኩት አቀረቡላት። እሷ አልበላችም። «ቤቱ ነበረ?» አለች።

«የዚያን ዛፍ ፕሪም ሰርቄ አባትየው በአርጩሜ ያባረሩኝ ሰው ነኝ እኔ።»

«ስለዚህ ነበረ።»

«ነበረ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉትም?»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሻሹ። «ግድቡ ሊሠራ ሲል መሬታችንን አንሸጥም ብለን ተማማልን። የአያትሽ አባት ቀድመው የሽያጩን ውል ፈረሙ። ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚላቸው ጠፋ። እሳት ከተነሳ ይኬዳል፣ ሰው ከሞተ ይቀበራል፤ ከዚያ ውጪ አሉም አልተባሉ።»

«እናንተስ አልፈረማችሁም?»

«በሁለት ዓመቱ ሁላችንም ፈረምን።»

«ሁላችሁም? እርስዎም?»

«እኔም።»

«ካልገባኝ ይቅርታ» አለች ቺሃሩ፣ እውነትም አልገባትም። «እሳቸው ያደረጉትን ነዋ እናንተም ያደረጋችሁት!»

«መጽሐፉ ሲወጣ ትልልቆቹ ተሰብስበው አርባ ሁለት ቤት ነው አሉኝ። አርባ ሁለት ጻፍኩ። በቃ።» ድምፃቸው ቆጣ አለ፣ በማን እንደተቆጡ ግን አይታወቅም።

ልጅቷ ወረቀቷን ዘረጋች። «አሁን የነገሩኝን እጽፋለሁ። ስምዎን ምንጩ ላይ ላስገባ?»

«የኔን ስም? ተይ፣ ተይ!» አሉ ሽማግሌው በሁለት እጃቸው እየተከላከሉ። «እኔ መጽሐፉ ላይ ያለውን ነው የማውቀው።»

ጉድ እኮ ነው። የሚያውቁ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም አትጥሪን ይላሉ። የማያውቀው መጽሐፍ ብቻ ስሙን ይሰጣል። ቺሃሩ ድልድዩን ስትሻገር እንባዋ መጣ፣ ለምን እንደመጣ እንኳ በቅጡ አላወቀችውም።

ቤት ስትደርስ ደብቃ መያዝ አልቻለችም። «አያቴ፣ አባባ ኢዋሴ ጋ ሄጄ ነበር። ቤቱ ነበረ አሉ።»

አያቷ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥብ ነበር። «ምን አለ?»

«ነበረ አሉ።»

«በአፉ? ነበረ ብሎ?»

«በአፋቸው። ፕሪም ሰርቄበታለሁ አሉ።»

አያትየው ሳቅ ይሁን ሲቃ ያልለየለት ድምፅ አወጣች። ቺሃሩ ጊዜው አሁን ነው ብላ «ስምሽን ልጻፍ?» አለች። አያቷ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ቅዳሜ የነዚያ ሰዎች ልጆች ሁሉ ይመጣሉ። እኔ ከነሱ ጋር ገበያ እንኳ ስገናኝ ጎንበስ ብዬ ነው የማልፈው። ተይው፣ ቤቱም ይቅር።»

ይቅር ስትል ግን ድምፅዋ እንዲቀር አይፈልግም ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ወላጆች የእንግዳ ነጠላ ጫማ አድርገው ከክፍሉ ኋላ ቆሙ፤ አያት ፉሚኤ ጥግ ላይ፣ ከአንዲት ረጅም ሴት ጀርባ ነበረች። ቺሃሩ ካርታዋን ሰሌዳው ላይ ለጠፈች። አርባ ሁለት ቤት፣ ወንዙ፣ የፕሪም ዛፉ። ከዛፉ ሥር ግን ባዶ። መምህርት ኦሪሃራ በራስ ምልክት ጀምሪ አሏት።

ያጠናችው ንግግር ብን ብሎ ጠፋባት። «መጽሐፉ አርባ ሁለት ይላል» አለች። «ገጽ አሥራ ስድስት። ሁለት ሰዎች ደግሞ እዚህ ዛፍ ሥር ሌላ ቤት ነበር ብለውኛል። ሁለቱም ስሜን አትጻፊ አሉኝ። ስም ከሌለው አይገባም፤ ስለዚህ አላስገባሁትም። ግን ነበረ። ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

«ታዲያ ስንት ነው?» አለ ሪኩቶ። ሊያላግጥባት አልነበረም፣ እሱንም ግራ ገብቶት ነው።

ቺሃሩ ወደ ካርታዋ ዞራ ቤቶቹን እንደገና በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ከኋላ ሁለት ሴቶች ዐይን ለዐይን ተያዩ፤ አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ የነጠላ ጫማ ኮሽታ ተሰማ። አያት ፉሚኤ በዴስኮቹ መሃል እየመጣች ነበር። አጎንብሳ አልነበረም።

«ጻፊ» አለች ፊቷ ደም መስሎ። «ፉሚኤ፣ የሂሩማ ልጅ። የዛሬን ቀን አድርጊበት።»

እርሳሱን ከልጅቷ እጅ ወሰደችና ከፕሪም ዛፉ ሥር ቤቱን ሣለች። በሩን በወንዙ በኩል አደረገችው፣ ጣራውን ሁለቴ አደመቀችው። ቺሃሩ በደስታ የምትሆነውን አጣች። አርባ ሦስት! በመጨረሻ አንድ ነገር ገባት።

አያቷ ግን እርሳሱን አልመለሰችም። ካርታውን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ እጇ ቀስ እያለ ወደ ተራራው ወጣ፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል ቆመ፣ እዚያ አንዲት ትንሽ ቤት ሣለች።

«ይቺስ?» አለች ቺሃሩ። «ይቺን አባባ ኢዋሴም አልነገሩኝም።»

«አይነግርሽም። ከኮሪያ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ባልና ሚስት፣ ከሦስት ልጆች ጋር። ከሰል ያከስሉ ነበር።» አያትየው ለትንሿ ቤት በር ሣለችላት። «መንደሩ ከዘጋን በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ ስቀዳ ሰላም የምትለኝ ሴትየዋ ብቻ ነበረች። በየቀኑ ሰላም ትለኝ ነበር።»

ቺሃሩ ወረቀቷን አስተካከለች። አሁንስ ሕጉን አውቃዋለች።

«ስሟ ማነው፣ አያቴ?»

አያት ፉሚኤ እርሳሱን መለሰችላት። ፊቷ ላይ የነበረው ቅላት ጠፍቶ አመድ መሰለ።

«አልጠየቅኳትም» አለች።