ከቀበሌያችን ያገገመው ሰው እኔ ነኝ

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ቅዳሴ እንዳለቀ መሳፍንት የድምፅ ማጉያውን ይዞ ደጀ ሰላሙ በር ላይ ተገተረ። «ማንም ንቅንቅ እንዳይል! ከኮሮና ስለማገገም ሪፖርት አለኝ» አለ። መሳፍንት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነው። ሰው ሁሉ እያጉረመረመ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ግን አልተቀመጥሁም። ኮሮና በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣው የእኔ ስም ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። በሽታው አገር የገባ ዓመት ከመተማ የጉልበት ሥራ ስመለስ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ላይ ከአውቶብስ አወረዱንና ለይቶ ማቆያ አስገቡን። አፍንጫችን ውስጥ እንጨት እየከተቱ መረመሩን። ከዚያ አንዲት ነጭ የለበሰች ልጅ «አንተ ነጻ ነህ፤ ምንም የለብህም፤ ወደ ቤትህ ግባ» አለችኝ። ገባሁ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ቀን እንኳ አላተኮሰኝም፤ አላሳለኝም።

መሳፍንት ግን ለይቶ ማቆያ ገብቶ የወጣ ሁሉ ታሞ የዳነ መሰለው። የሚጠይቀውም ሰው አላጣም ነበር፤ እኔን ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። ሳይጠይቅ «ከቀበሌያችን አንድ ሰው ተይዞ አገግሟል» ብሎ ለወረዳ ሪፖርት አደረገ። ይህም አልበቃው ብሎ በድምፅ ማጉያ መንደር ለመንደር እየዞረ «ደምለው አገግሞ ስለመጣ እንዳታገልሉት!» አለ። እንዳታገልሉት ባይል ኖሮ ማን ያገልለኝ ነበር?

ስም መለጠፍ ለእኛ ቤት አዲስ አይደለም። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ድልድል አባቴን «ቢሮክራት» አሉት። አባቴ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩን መጋዘን ጠባቂ ነበር እንጂ ቢሮ የሚባል ነገር ደጁን ረግጦ አያውቅም። ለሌላው መሬት ሲታደል ከእኛ ላይ ተቆርሶ አራት ቃዳ፣ አንድ ሄክታር የምታህል፣ ቀረችልን። በዚያው እኔም ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ ሞፈር ጨበጥሁ። መሳፍንት ያኔ አጠገቤ ነበር የሚቀመጥ። የሒሳብ ፈተና ከእኔ እየገለበጠ አለፈና ይኸው ሊቀ መንበር ሆነ። እኔ «የቢሮክራቱ ልጅ» ስባል ኖሬ፣ ያ ስም ሲረሳ «ያገገመው» ተባልሁ።

ከሁሉ የከፋብኝ የማኅበሩ ነገር ነው። የሚካኤል ማኅበር አለን፤ በየወሩ በአሥራ ሁለት በተራ በየቤቱ እንጠጣለን። ጽዋው አንድ ነው፤ የሸክላ፣ እናቶቻችን የጠጡበት። ቄሱ ከባረኩት በኋላ ከሰው ወደ ሰው ያልፋል። ሲያበቃ የቀጣዩ ወር ተረኛ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይዞት ይገባል። በበሽታው ሰሞን ሁሉም የየራሱን ኩባያ ያመጣ ነበር። በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ጽዋው ሲመለስ እኔ ብቻ በኩባያ ቀረሁ። ተራዬ ሲደርስም የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃችን አያ የኋላሸት «ደምለው ለጊዜው ትንሽ ይቆይ» ብሎ ለሌላ አሳለፈው። በማኅበራችን ሕግ ደግሞ ሁለት ዙር ጽዋ ያልገባበት ቤት እንደወጣ ይቆጠራል። ሁለተኛው ተራዬ የደረሰው በዚሁ በኅዳር ሚካኤል ነው።

ጠዋት ከቤት ስወጣ ሚስቴ ሽታዬ በሩ ላይ ቆማ «ዛሬ ጽዋውን ሳትይዝ እንዳትመጣ» አለችኝ። «ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ እንስራቸውን እያነሡ ይጠብቁኛል፤ እኔ ቀድቼ ስሄድ ነው የሚጠጉት። ሰለቸኝ። ካልሆነልህ ቁይ ከተማ፣ እናቴ ዘንድ እገባለሁ።»

እንግዲህ መሳፍንት ንግግሩን ሳይጀምር ቅጥሩ ሥር ሄጄ ያዝሁት። አጠገቡ አንተነህ የሚባል ከወረዳ ኮሙኒኬሽን የመጣ ጎረምሳ ስልኩን እንደ መስታወት እየወለወለ ቆሟል።

«መሳፍንት፣ አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ሊቀ መንበር በል እንጂ፤ እንግዳ አለ» አለኝ ድምፁን ቀንሶ።

«እሺ፣ ሊቀ መንበር። ደምለው መጀመሪያውንም አልታመመም ብለህ ለሕዝቡ ንገርልኝ። አንዲት ቃል ናት።»

«ደሜ፣ እንዴት አድርጌ? ሪፖርቱ ወረዳ ደርሶ፣ ዞን ደርሶ፣ ተመስግነንበት! አሁን ተነሥቼ አልታመመም ብል ምን ልባል ነው?»

«ውሸታም ትባላለሃ!»

ሳቀ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «እኔ ከዚያ የሚበልጥ አስቤልሃለሁ። ዛሬ ማኅበራችሁ ላይ መጥቼ ከጽዋው አብሬህ እጠጣለሁ። በቪዲዮ! እኔ ከጠጣሁ ማን ይሸሽሃል?»

ጽዋው ብቻ ቤቴ ይግባ እንጂ በምንም ይግባ ብዬ እሺ አልሁት።

ንግግሩን ጀመረ። «ከማገገም አንጻር ረጅም ርቀት ተጉዘናል፤ ነገር ግን ክፍተቶች አሉብን» አለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተድረው የቀሩትን ልጃገረዶች አነሣ፤ ገበያው እንዳልተመለሰ ተናገረ፤ ክትባቱን የሸሹትን ገሠጸ። አያቶቻችን በዚህ ቀን ቆሻሻ እያቃጠሉ በሽታ ያባርሩ ነበር አለ። አረቄ ሻጯ ዘመናይ ከሴቶቹ መሀል ብድግ ብላ፣

«ማዳበሪያውስ መቼ ነው የሚያገግም?» አለችው።

ሰው በሳቅ ፈረሰ።

«እሱ የዛሬ አጀንዳ አይደለም፣ እትዬ ዘመናይ!»

«አጀንዳ ያልሆነው ነው እኮ የገደለን!»

መሳፍንት ሳቁ እንዲያልፍ ጠበቀና «አራተኛው ክፍተት መገለል ነው» አለ። «ደምለው! የት አለ ደምለው? ና ወደዚህ።»

ተነሣሁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ የፊተኞቹም እንዳላልፍባቸው እግራቸውን ሰበሰቡ። የድምፅ ማጉያውን ሰጠኝ። ደግሜ እንዲህ ያለ ዕድል አላገኝም ብዬ፣

«እኔ አልታመምሁም!» አልሁ። «መርምረው ነጻ ነህ ነው ያሉኝ። ሚካኤል ምስክሬ ነው!»

እማማ ወለተ ማርያም ከንፈራቸውን መጠጡና «ምነው ልጄ፣ ምን ያሳፍራል? እሱ ነው የማረህ። ደግሞ በደጁ ቆመህ አትካድ» አሉኝ።

«ኧረ አልታመምሁም ነው የምል፣ እማማ!»

«ይሁን ይሁን» አሉ፤ አለቀሱልኝ።

መሳፍንት ማጉያውን ከእጄ ወሰደ። «ተመልከቱ! ይህ ሰው ያለፈበትን በሽታ እስኪክድ ድረስ ነው ያስጨነቅነው። ይህ የማን ጥፋት ነው? የእኛ ነው!»

ተጨበጨበ። እኔ «አይደለም» ባልሁ ቁጥር የሚያዝንልኝ ሰው በዛ። አንተነህ ስልኩን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቶ «ይድገሙልኝ እስቲ፤ ፊትዎን ወደ ብርሃን አድርገው» አለኝ።

ከዚያ ወደ አያ የኋላሸት ቤት ሄድን፤ የዚያን ወር ደጋሽ እሱ ነበር። ቄስ ወልደ ሚካኤል ዳቦውንና ጽዋውን ባርከው ቀመሱ። መሳፍንት ከእጃቸው ተቀበለና ለእኔ ሰጠኝ፤ «መጀመሪያ ደሜ ይጠጣ!» አንተነህ ይቀርጻል። ሸክላውን ወደ ከንፈሬ አስጠጋሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች ይዤላት የምሄደው ጽዋ ነው። ተጎነጨሁና ለመሳፍንት መለስሁለት።

መሳፍንት ወደ ስልኩ ፈገግ አለ። ጽዋውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ግን በሁለት እጁ አሽከረከረው፤ እኔ የጠጣሁበት ከንፈር ወደ ውጭ፣ የቄሱ ወደ እሱ ሆነ። ከዚያ ጠጣ። በቪዲዮ ምንም አያስታውቅም። ቤት ውስጥ ያለነው ግን ሁላችንም አየን። አያ የኋላሸት ተቀበለና በዚያው በኩል ጠጣ። ቀጥሎ ያለውም ጽዋውን ሳያዞር በዚያው በኩል ጠጣ። ሁሉም ተራ በተራ አንዲቱን ከንፈር ብቻ ይዘው ጨረሱት። የእኔዋ ደረቀች።

«እንግዲህ የቀጣዩ ወር ተረኛ ደምለው ነው» አለ አያ የኋላሸት፣ ስልኩን በዓይኑ ሠርቆ እያየ። ጽዋውን ሰጠኝ። ታቅፌው ወጣሁ። ሽታዬ ከሩቅ አይታኝ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም የጽዋውን መዞር አልነገርኋትም፤ ቤት ከገባ ሌላው ይለመዳል ብዬ።

ወር ሙሉ ስትደግስ ከረመች። ጌሾ ከቁይ አስመጣች፤ ወለሉን ለቀለቀች፤ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈች። የታኅሣሥ ሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ እንደተመለስን በሩን ከፍተን ተቀመጥን። ጥላ ዞረ። ዘመናይ መጣች። ከእሷ በኋላ ማንም አልመጣም።

«ሌሎቹስ?» አልኋት።

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ፣ ደምለው። አምጪ ሽታዬ፣ እኔ ልጠጣ፤ እኔ እንደሆን ሰውም በሽታም አይደፍረኝ» አለችና ዓይኗን ከእኔ መለሰች። ቄሱ ሳይመጡ ግን ጽዋ አይቀመስም።

ቄስ ወልደ ሚካኤል ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ደረሱ። ሲቀመጡ የጠላ ሽታ ሸተቱኝ።

«አባ፣ ከየት እየመጡ ነው?»

«ከየኋላሸት ቤት።» መስቀላቸውን ያገላብጣሉ። «ልደብቅህ አልችልም ልጄ። ከቁይ ገበያ አዲስ ጽዋ ገዝተው ባርክልን አሉኝ። ባረክሁ።»

«እኔ ታዲያ ከማኅበሩ ወጣሁ ማለት ነው?»

«የለም፣ አልወጣህም። ጽዋ ቤትህ ገብቷል እኮ።»

«ታዲያ አለሁ?»

ዳቦውን ሳብ አድርገው አማተቡበት። ሽታዬ ከጓዳ «እንግዲያው ይህን ጽዋ ምን እናድርገው፣ አባ? ይውሰዱልና!» ብላ ጮኸች።

«የተባረከ ነው። አይጣልም፤ ለሌላ ሥራም አይውልም። ተረኛ እስኪቀበላችሁ ድረስ በክብር ይቀመጥ» አሉ። ጸሎታቸውን አድርሰው ሄዱ። የሚቀበለኝ ተረኛ ማን እንደሆነ አልነገሩኝም። ሽታዬም ቁይ አልሄደችም፤ «ይህን ታቦት የሚያህል ነገር ለማን ትቼ?» አለች።

ጥር ላይ መሳፍንት ደጄ ድረስ መጣ። አልገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ተጣራ።

«ደሜ! ቪዲዮው ተወዶልሃል! ሐሙስ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። ጽዋውን ይዘህ በርህ ላይ ትቆማለህ፤ ስላገገምህበት ትናገራለህ።»

«አልቆምም» አልሁት። «ሌላ ያገገመ ፈልግ።»

«ሌላ የለንማ!» አጥሩን ተደገፈ። ድምፁን እንደ ወንድም አለሰለሰው። «ስማኝ፤ ለአንተው ብዬ ነው። እስከ አሁን ስንጠራህ ወጥተህ ቆመሃል። ሐሙስ ዕለት ቤት ውስጥ ብትቀር ሰው ምን የሚል ይመስልሃል? አገረሸበት ነው የሚል።»

ሽታዬ ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች። ገብታ ጽዋውን ከመደርደሪያው አወረደችና በንጹሕ ጨርቅ ትወለውለው ጀመር።

«ስንት ሰዓት ነው የሚመጡ?» አልሁት።